በቢጫው ከረጢት ላይ የነበረው ስም

ሐምሌ 23፣ ዓርብ ጠዋት

አስቀድመህ ማወቅ ያለብህ ይህን ነው፦ በግንቦት መጀመሪያ ከመጋዘንህ አውጥተህ የሰጠኸኝ ቢጫ ከረጢት ዛሬ በእጄ የለም። በላዩ ላይ የነበረውንም ስም አላስታውሰውም። እኅቴ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሐኪሟ የምትፈልገው ያንን ስም ነው።

ከዚህ በታች ያለው የግል ማስታወሻዬ ነው። ላንተ ተብሎ አልተጻፈም፤ ስለዚህም አላረምኩትም። ቀኑና መጠኑ ትክክል ነው። ሌላውን አንተው አንብበህ ፍረድ።


ግንቦት 2፣ ሰኞ

አምና ከመቶ የጥጥ ቡቃያ ቆሞ የቀረው አርባ አንድ ነበር። ሌላው ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግንዱ እየጠቆረ፣ እየቀጠነ፣ በተራ ወደቀ። እኅቴ እታለም ‹‹መሬቱ ቀዝቅዞ ነው፣ ቸኩለን ነው›› አለች። ሊሆን ይችላል። ዘንድሮ ግን በ‹ሊሆን ይችላል› አልዘራም።

ጠዋት የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ሄድኩ። ኃላፊው ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል፤ ሲያየኝ ግን እንደ ድሮው ብድግ ብሎ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ። አዲሱ የዘር መድኃኒት ገና አልገባም አለኝ። ጥቂት አሰበና ከኋላው መደርደሪያ፣ ከአቧራ ሥር፣ አንድ ቢጫ ከረጢት አወጣ።

‹‹ቲቸር፣ ይሄኛው የድሮ ነው። አሁን የሚመጡት እንደሱ አይሠሩም። ደረሰኝ ግን አይጠይቁኝ።››

‹‹መጠኑስ?››

‹‹ለአንድ ኪሎ ዘር አንድ የሻይ ማንኪያ። ሞላ አድርገው።››

‹ሞላ› ልክ አይደለም። ‹‹የተላጨ ነው የተቆለለ?›› አልኩት። ሳቀና ‹‹የተላጨ›› አለኝ።


ግንቦት 3፣ ማክሰኞ

ከረጢቱ ጥጉ ላይ ተቀዷል። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ የውጭ ፊደል ነው፣ ግማሹ ተፍቋል። ዱቄቱ ነጭ ሆኖ ትንሽ ሮዝ ይመስላል።

የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው አምስት ትንንሽ ጠርሙሶች አጥቤ አደረቅሁና ዱቄቱን ገለበጥኩባቸው። በእያንዳንዳቸው ላይ በእጄ ጽፌ ለጠፍኩ፦ ‹የዘር መድኃኒት። ለ1 ኪሎ ዘር 1 የሻይ ማንኪያ (የተላጨ)። ግንቦት 3።› ባዶውን ከረጢት ከቆሻሻው ጋር አቃጠልኩት። የማይነበብ ጽሑፍ ከሚኖር የሚነበብ ይኑር።

እታለም በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ ‹‹ጋሼ፣ እኔም ላይ ለጥፍብኝ፣ እንዳልጠፋ›› አለች።


ግንቦት 5፣ ሐሙስ

ዘሩ ተቀባ። ሠላሳ ሁለት ኪሎ፣ ሠላሳ ሁለት ማንኪያ። ከአምስቱ ጠርሙስ ምንም አልተረፈም፤ ስሌቱ ልክ ነበር ማለት ነው።

በዕቃ ቤት ውስጥ ሠራን። ነፋስ ዱቄቱን ከወሰደው መጠኑ ስለሚፋለስ መስኮቱን ዘጋሁት። እሷ በትልቁ ሳፋ ላይ በእጇ እያገላበጠች፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ማንኪያ እየቆጠርኩ። ሻሿን አፏ ላይ ልታስር ስትል ‹‹ስትቆጥሪ አይሰማኝም›› አልኳት፤ ቁጥሩን ሁለታችንም ጮክ ብለን እንድንጠራ ተስማምተን ነበርና። አስነጠሳት። አሥራ ዘጠኝ ላይ አስነጥሷት ቆጠራው ሊሳሳት ነበር።

ማታ ራሷን አመማት። ፀሐይ ነው አልኳት።


ግንቦት 9፣ ሰኞ

ዘራን። ቸኩያለሁ፣ በአጭሩ።

ክርክር፦ እኔ ማዳበሪያውን ከዘሩ ጋር በአንድ ጉድጓድ ልጨምር ስል እታለም እጄን ያዘችኝ። ‹‹ያቃጥለዋል። ሕፃን ልጅ ላይ በርበሬ ትነሰንሳለህ እንዴ?›› አራት ጣቷን አጋድማ ከዘሩ ጎን ለካች፤ አራት ጣት ደግሞ ወደ ታች። እዚያ አኖረችው። ‹‹ሥሩ ሲጠነክር ራሱ ይፈልገዋል።›› ጣቶቿን በማስመሪያ ለካኋቸው። ሰባት ሳንቲሜትር ከሁለት ሚሊሜትር። ቀኑን ሙሉ ከዚህ አልዛነፈችም። ያለ ማስመሪያ!

ሠላሳ ዓመት ልጆች ሳስተምር መሬቱን ይዛ የኖረችው እሷ ናት። ይህን አንዳንዴ እረሳዋለሁ።


ግንቦት 12፣ ሐሙስ

ዝናብ፣ ልክ በሚፈለገው መጠን።

ጠርሙሶቹን በሳሙናና በአመድ ሦስት ሦስት ጊዜ አጠብኩ። ክዳናቸው ውስጥ ካርቶን አለ፤ ውሃ እንዳያበላሸው እሱን በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁት። በአዲስ ወረቀት ከአሮጌው በላይ ለጠፍኩ፦ ምስማር፣ ቁልፍ፣ ሲባጎ፣ ጠመኔ፣ ጨው። ጨው በወረቀት ተጠቅልሎ እየረጠበ ሲያስቸግራት ነበር። ‹‹አሁን ገና አገር ሆንን›› አለች።


ግንቦት 18፣ ረቡዕ

ወጣ!

መቶ ጉድጓድ ቆጠርኩ። ተገኝተዋል ዘጠና አራት፣ ቀሪ ስድስት። እታለም ከኋላዬ፣ ‹‹ጋሼ፣ በየስማቸው ጥራቸው እንጂ! ያረፈደውንም በር ላይ አንበርክከው።›› ሁለታችንም ሳቅን። ከባለቤቴ ሞት ወዲህ እንዲህ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም።


ግንቦት 29፣ እሑድ

ባለ ትራክተሩ ጎረቤታችን ማሳውን ሊያይ መጣ። እጁን ኋላው አድርጎ ዳር ዳሩን ዞረው።

‹‹መምህር፣ ይሄ ጥጥ አይደለም፣ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ነው። የኔው እኮ ግማሹ ተኝቷል።››

‹‹ዘሩን መድኃኒት ቀብተኸዋል?››

‹‹ገዝቼ ነበር። ባለቤቴ ሽታውን ስትጠላው ጊዜ ለጎረቤት ሰጠነው።››

አንድም ግንድ አልጠቆረም። አንድም።


ሰኔ 8፣ ማክሰኞ

እታለም ከንፈሯ ‹ተኝቷል›፣ ደንዝዟል ትላለች። ጥርስ ይሆናል።

ጉልጓሎ ተጀምሯል። ትርፍ ቡቃያ እየተነቀለ ነው።


ሰኔ 13፣ እሑድ

ዛሬ ረጋ ብዬ ልጻፍ።

ትርፉን ቡቃያ ስትነቅል ከጎኗ ሆኜ አየኋት። ከሁለቱ ደካማውን መርጦ ማውጣት የእሷ ሥራ ነው፤ እኔ ለመምረጥ ስቆም እሷ አሥር ትጨርሳለች። ዛሬ ሁለቱንም ነቀለቻቸው። ቀጥሎም እንደዚሁ። ሦስተኛው ላይ እጇን አንስታ ጣቶቿን እያየች ቆመች።

‹‹ምነው?›› አልኳት።

‹‹ግንዱ አይሰማኝም፣ ጋሼ። ጓንት ያጠለቅሁ ነው የሚመስለኝ።››

‹‹አፈሩ ቀዝቃዛ ነው።››

አፈሩ ቀዝቃዛ አልነበረም፤ ያለ ጫማ ቆሜበት ነበር። ይህን ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ተማሪ የማያውቀውን ሲጠየቅ እንደሚቀባጥረው ይመስለኛል።

ምሳ ላይ ሹካው ሁለት ጊዜ ወደቀባት። ምግቧ አልጣፈጣትም። ‹‹አፌ ውስጥ ሁሉ ነገር ብረት ብረት ይላል›› አለችና ጨው ጨመረች። እኔ ለደም ግፊቴ ስል ጨው ከተውኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ድስቱ ያለ ጨው ይወጣል፣ እሷ በሳህኗ ላይ ለብቻዋ ትነሰንሳለች። ‹‹ያንተ ምግብ የሆስፒታል ነው›› ትለኛለች።


ሰኔ 20፣ እሑድ

የውሃ ብርጭቆ ሰበረች። የእናታችን ነበር። ምንም አልተናገርኩም፤ ፊቴ ግን ሳይናገር አልቀረም መሰለኝ፣ ‹‹ዜሮ ስጠኝ›› አለችኝ።


ሰኔ 25፣ ዓርብ

ጥጡ ጉልበት ደርሷል። ቅጠሉ ሰፊ፣ አረንጓዴው ጥቁር ሊሆን የደረሰ። ከማኅበሩ ሁለት ሰዎች መጥተው አዩትና ለሌሎች ገበሬዎች እንዳስረዳ ጠየቁኝ። ‹‹የዘር መድኃኒቱ ምን ነበር?›› አለኝ አንደኛው፣ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ።

‹‹የዘር መድኃኒት ነው›› አልኩት።

‹‹ስሙን ማለቴ ነው።››

‹‹ፈልጌ እነግርሃለሁ።››

ምን እንደምፈልግ እግዜር ይወቅ።


ሐምሌ 3፣ ቅዳሜ

እታለም የበሩን መቃን ገጨችው። በትከሻዋ። ሃምሳ ሰባት ዓመት ያለፈችበት በር።

መነጽር ያስፈልጋታል። ሰኞ እንሄዳለን።


ሐምሌ 5፣ ሰኞ

ጤና ጣቢያ። ሠራተኛው እጇን አየ፣ ‹‹እማማ፣ ሥራ ቀንሱ›› አለ፣ ቫይታሚን ጻፈላት። ፊት ለፊት ያለውን የፊደል ሰሌዳ እስከ ታች አነበበችው። ከጎን የቆመውን እኔን ግን ‹‹የት ሄድክ?›› አለችኝ።

‹‹ይኸው እዚህ ነኝ።››

አንገቷን አዙራ ስታየኝ ደነገጠች። ቀዳዳ ውስጥ እንደሚመለከት ሰው ነው የምታየው።

ተመልሰን ስንመጣ ባለ ትራክተሩ መንገድ ላይ አገኘን። አረማመዷን አይቶ፣ ‹‹እታለም፣ ዛሬ ደግሞ ማን ጋበዘሽ?›› አላት። ሳቀች። እሱ ግን ሳቁን ሳይጨርሰው ወደ እኔ ዞረ።


ሐምሌ 11፣ እሑድ

ንግግሯ ይጎተታል። ‹ጋሼ› ስትል ‹ሼ›ው ይንሸራተታል።

ዛሬ ማሳውን ለማየት ወጣን። በክንዴ ደግፌያት። መሃል ላይ ተቀመጠችና አራት ጣቷን አንድ ግንድ አጠገብ አጋድማ ለካች፣ እንደዚያ ቀን። ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። ‹‹ልክ ነው?›› አለችኝ።

ማስመሪያ አልያዝኩም ነበር። ‹‹ልክ ነው›› አልኳት።

ነገሩ ከእርጅና ነው ብዬ ለራሴ እነግራለሁ። እኔ ግን በዘጠኝ ዓመት እበልጣታለሁ፤ አንድ ቤት እንኖራለን፤ ከአንድ ጉድጓድ እንጠጣለን፤ ከአንድ ድስት እንበላለን። እኔን የነካኝ ነገር የለም። ሁለት ተማሪ አንድ ጥያቄ ሠርተው አንዱ ብቻ ሲወድቅ ልዩነቱን እስካገኝ ሰላም አልነበረኝም። አሁን ልዩነቱን መፈለግ እየፈራሁ ነው።


ሐምሌ 15፣ ሐሙስ

መነሣት አቃታት። ባለ ትራክተሩ መኪና ለመነልን። ሆስፒታል።


ሐምሌ 19፣ ሰኞ

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ጥያቄዋን በቅደም ተከተል ትጠይቃለች። ወደድኳት፤ ጥያቄዎቿን ግን አልወደድኳቸውም።

‹‹አባባ፣ በእርሻ ላይ ኬሚካል ትጠቀማላችሁ?››

‹‹የዘር መድኃኒት፣ በግንቦት። አንድ ቀን ብቻ።››

‹‹ማን ቀባው?››

‹‹አብረን።››

‹‹በእጅ?››

‹‹በእጅ።››

የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቀችም። እኔም አልጨመርኩም።

‹‹ድሮ ይሸጡ የነበሩ፣ አሁን የተከለከሉ አሉ። ሰውነት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የሚጎዱትም ቆይተው ነው። ዓይነታቸው ግን ይለያያል። ለአንደኛው የሚሰጠው ማርከሻ ሌላኛውን ያባብሰዋል። በግምት አልጀምርም። ማሸጊያውን አምጡልኝ።››

‹‹ጠፍቷል›› አልኳት።

አልጠፋም። አቃጥዬዋለሁ። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አንዲት ልጅ ፊት ዋሸሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባትም። ‹‹የአንድ ቀን ሥራ ይህን ያህል አያደርስም›› አለች። ‹‹በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያገኘች ነው የምትመስለው። ቤት ውስጥ የቀረ ነገር አለ?››

‹‹የለም። ጠርሙሶቹን ራሴ ነኝ ያጠብኳቸው።››


ሐምሌ 21፣ ረቡዕ

ልብሷን ልወስድላት ቤት ገባሁ። ከዘጋነው ስድስተኛ ቀን ነው። እርጥበት ገብቶበታል፤ ግድግዳው ያልበዋል።

ወጥ ቤት፣ መደርደሪያው ላይ፣ የጨው ጠርሙስ። ‹ጨው› የሚለው ወረቀት ሙጫው ለቆ፣ አንድ ጥጉ ብቻ ይዞት ተንጠልጥሏል። ከሥሩ የእኔው ጽሑፍ። ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ አንድ ፊደል አልተዛነፈም። ‹የዘር መድኃኒት።›

ክዳኑን ከፈትኩት። ጨው በዚህ ወር ውሃ ያወጣል። ካርቶኑ ርሶ አብጧል። ከካርቶኑ ሥር፣ ጨርቄ ባልደረሰበት ቦታ፣ ሮዝ የሚመስል ለጥ ያለ ነገር አለ። ከዚያ ወደ ጨው የሚወርድ መስመር አለ። የላይኛው ጨው ቀለሙን ወስዷል።

ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ። በቀን ሁለት ጊዜ።

ጨው የማልበላው እኔ ነኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አልመዘገብኩም።


ሐምሌ 22፣ ሐሙስ

ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልዬ ለሐኪሟ ወሰድኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከረጢቱን፣ መስኮቱን፣ ሻሿን፣ ካርቶኑን። በተራ። አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጠችኝ፣ ‹‹ውሃ ይጠጡ›› ብላ።

ጠርሙሱ ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ተላከ። መልሱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ‹‹ሦስት ሳምንት የላትም ማለቴ አይደለም›› አለችና ወረቀቷን አስተካከለች። ‹‹እስከዚያ የሚጠፋው ግን አይመለስም። ዓይኗ፣ አረማመዷ። ስሙ ቢገኝ በዚያኑ ቀን እጀምራለሁ።››

ወደ መጋዘኑ ኃላፊ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ስድስት ጊዜ። ከዚያ ተዘጋ። ባለ ትራክተሩ መጋዘኑ ድረስ ሄዶ ነበር። ዘበኛው፣ ‹‹ፈቃድ ላይ ነው፤ የኋላው መደርደሪያ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ተጠርጓል፣ ባዶ ነው›› ብሎታል። ባለፈው ሳምንት። ያኔ የእታለም መታመም ሰፈሩን ሁሉ አዳርሶ ነበር።

እታለም ዛሬ እጄን ይዛ ብዙ ቆየች። ‹‹ጥጡስ?›› አለች። ቃሉን ለማውጣት ሦስት ጊዜ ሞከረች።

‹‹አበባ ጀምሯል።››

‹‹ስንት ተገኘ?››

‹‹ዘጠና አራት።››

ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ወደ እኔ አልነበረም፤ እኔ ካለሁበት ትንሽ ወደ ግራ ነበር።


ሐምሌ 23፣ ዓርብ

አሁን የምጽፈው ላንተ ነው።

አንተን ልከስ አይደለም። ከረጢቱን ያቃጠልኩ እኔ ነኝ፤ መስኮቱን የዘጋሁ እኔ ነኝ፤ ጨዉን ጠርሙሱ ውስጥ የጨመርኩ እኔ ነኝ። ይህን ለሐኪሟ ነግሬያታለሁ፤ ያንተን ስም ግን አላነሣሁም፤ ማንም ቢጠይቀኝም እደግመዋለሁ። ከየት አመጣኸው ካሉኝ ‹ከቤት የቆየ› እላለሁ። አንድ ጊዜ ለራሴ ስል ዋሽቻለሁ፤ ላንተ ስል መዋሸት ያን ያህል አይከብደኝም።

ስምንተኛ ክፍል ሳለህ የሒሳብ ፈተና ስምህን ሳትጽፍበት ሰጥተኸኝ ነበር። መልሶቹ ሁሉ ልክ ነበሩ። ወረቀቱ ያንተ መሆኑን ከቁጥር አጣጣልህ ዐውቄያለሁ፤ ሰባትን እንዳንተ የሚጽፍ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። እያወቅሁ ዜሮ ሰጠሁህ፣ ሥርዓት ላስተምርህ ብዬ። ከክፍል ስትወጣ ፊትህን አይቼዋለሁ። ዛሬ ስም የጎደለው የእኔው ወረቀት ነው። አንተ ዐውቀህ ዜሮ አትስጠኝ።

ስሙን ታውቀዋለህ። መደርደሪያውን ከመጥረግህ በፊት አይተኸዋል፤ ሌላ ከረጢትም አንድ ቦታ ሳይቀር አይቀርም። ካልቀረም የምታስታውሰውን ያህል፣ ግማሹንም ቢሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች ብቻም ቢሆን።

ይህን ደብተር የሚያደርስልህ ባለ ትራክተሩ ነው። በርህ ላይ ይቆማል፤ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፣ ባዶ እጁን አይመለስም። የዚህ ገጽ ጀርባ ባዶ ነው፣ ለዚሁ ብዬ ተውኩት። ስሙን ፊደል በፊደል ጻፍበትና መልስልኝ። ነገ አትበል። እሱ በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ አሁን ጻፍ።